ልጄን ያዘልኩበት በጋ

መካነ ሰላም ውስጥ ልጅ በጀርባው አዝሎ አደባባይ የወጣ ወንድ ከእኔ በፊት አልነበረም ብል የሚከራከረኝ የለም። ከእኔ በኋላ ስለመኖሩም አልሰማሁም። ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ፤ ባለቤቴ በጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ነበረች። ልጃችን ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። ጉንጯ በደጋው ብርድ የቀላ፣ ድምጿ ከቁመቷ የሚበልጥ ልጅ ናት።

በመስከረም መጨረሻ ባለቤቴ ለአምስት ወር ትምህርት ደሴ እንድትሄድ ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤውን ይዛ ስትገባ ፊቷ ላይ ደስታም ፍርሃትም ነበር።

«አልሄድም» አለችኝ፣ ገና ምን እንደሆነ ሳልጠይቃት።

አንብቤ ስጨርስ «ትሄጃለሽ» አልኳት።

«ልጅቷስ?»

«እናትሽ ይመጡ የለ?»

እናቷ የሚኖሩት ከላላ ነው። መልእክት ላክንባቸው፤ እሺ አሉ። ባለቤቴ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ በሄደች በሦስተኛው ቀን ግን ከከላላ ሌላ መልእክት መጣ። አማቴ ወደ በቅሎዋ ሲሄዱ ደጃቸው ላይ አዳልጧቸው እግራቸው ወለም ብሏል፤ ወጌሻው ከቤት እንዳይወጡ አዟል። ይህን ለባለቤቴ አልጻፍኩላትም። ብጽፍላት በመጀመሪያው መኪና እንደምትመለስ አውቃለሁ። አምሳ ስምንት ተማሪ በአንድ ክፍል ዝም የሚያሰኝ ሰው አንዲት ሕፃን አታቅተውም ብዬ ተነሣሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት የገባኝ ነገር፣ አምሳ ስምንቱ ዝም የሚሉት ስለሚፈሩኝ እንደነበር ነው። እሷ አትፈራኝም።

ደግነቱ ጎረቤት ነበረን። ሰባት ልጅ አሳድገው የዳሩ ሙስሊም ባልቴት ናቸው፤ እኔም ባለቤቴም እማማ ነው የምንላቸው። ልጅቷን በአንድ ክንዴ፣ የተማሪ ደብተር በሌላው ይዤ በሩ አልከፈት ብሎኝ ሲያዩኝ ወደ አጥሩ ጠጋ አሉ።

«አይዞህ፣ አብሽር መምህር» አሉኝ። «ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ ትዋል። ከሰዓት ያንተው ናት።»

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ከሰዓት ደግሞ ክንዴ እየዛለ ተቸገርኩ።»

«ክንድህን ምን አደከመህ? ጀርባ የለህም?»

የቀለዱ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ገብተው የባለቤቴን አንቀልባ ከግድግዳው አወረዱት። ጠፍሩ ለእኔ ደረት ስላጠረ በገመድ ቀጠሉት። ጎንበስ በል አሉኝ፤ ጎንበስ አልኩ። ልጅቷን ጀርባዬ ላይ አስቀምጠው እሰር አሉኝ። እኔ ቋጠሮውን ስፈልግ ልጅቷ በአንድ ጎኔ ተንሸራታ ብብቴ ሥር ገባች፤ እዚያው ሆና ሳቀች። አራት ጊዜ ሞከርን። በአምስተኛው ቀና አልኩ፤ ልጄ አገጯን ማጅራቴ ላይ አሳረፈች። ሁለት እጆቼ ነፃ ነበሩ። እነዚያን ሁለት ነፃ እጆች ካየሁ በኋላ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር ብዙም አላሳሰበኝም።

ሰው ግን ያለውን አለ።

በገበያው ቀን ሽንኩርትና በርበሬ ልገዛ አዝያት ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ቆይታ ገበያው መግቢያ ላይ እንቅልፍ ጣላት። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከፊት ለፊቴ መጡ። ሲያዩኝ በቅሏቸውን ገቱና ወረዱ። እኔን ለመሰለ ሰው ከበቅሎ መውረዳቸው ገርሞኝ ቆምኩ።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «መቼ ነው ያረፈችው?»

ለቅሶዋን ከሩቅ የሰሙ መሰለኝ። «አሁን ገና ነው አባባ። እዚህ ገበያው መግቢያ ላይ።»

ሽማግሌው ዓይናቸው ፈጠጠ። «እዚህ መንገድ ላይ? ምን አገኛት?»

«ያው ድካም ነው። ስታለቅስ ነው የዋለችው።»

«አይ የሰው ነገር» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተስ ታዲያ ምን ልትሠራ ገበያ ገባህ?»

«ሽንኩርት ልገዛ።»

በቅሏቸውን እየሳቡ ሲሄዱ ሁለቴ ዞረው አዩኝ። እኔም እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው ብዬ ወደ ሽንኩርቱ ሄድኩ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ የሽንት ጨርቅ ሳጥብ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው ናቸው። ከኋላቸው ሦስት ወንዶች ዱላቸውን ይዘው፣ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አንዷ ንፍሮ የሞላ ሰፌድ ይዛለች። ገብተው በየተራ እጄን ጨበጡኝ፤ ሴቶቹ ገና ሳይቀመጡ ማልቀስ ጀመሩ። እጄ ላይ ሳሙና እንዳለ ደንዝዤ ቆምኩ።

እማማ ለቅሶውን ሰምተው እየሮጡ መጡ። «ማን ሞተ?»

«የመምህሩ ሚስት» አለች ሰፌድ የያዘችው።

«ያረቢ! ደሴ ሄዳ ምን አገኛት?» አሉና እማማ ደረታቸውን መቱ። አሁን እሳቸውም ያለቅሳሉ። እኔ ለቀስተኞቹን ልመልስ ወይስ እማማን ላረጋጋ ግራ ገባኝ።

«እባካችሁ ስሙኝ» አልኩ በክፍል ድምፄ። «ባለቤቴ ደህና ናት። ትምህርት ላይ ናት። ከትናንት በስቲያ ደብዳቤዋ ደርሶኛል።»

ለቅሶው ቆመ። ሽማግሌው ፊቴን ለረጅም ጊዜ መረመሩት።

«ታዲያ ያረፈችው ማናት?»

«ይቺ ናት» አልኩ በጣቴ እያመለከትኩ። ልጄ በዚህ መሐል ሰፌዱ አጠገብ ቁጭ ብላ ንፍሮውን በሁለት እጇ ትበላ ነበር።

ነገሩ ሲገባቸው መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌው ናቸው፤ ሳቃቸው ሳል ሆኖ እስኪቀር ሳቁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። እማማ ግን ለቅሷቸው ከንቱ ሲሆንባቸው ተቆጡ፤ በእኔ ነው የተቆጡት።

ሽማግሌው ተረጋግተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እንግዲህ ሚስትህ ልትማር ሄዳ አንተ ልጅ ታዝላለህ ማለት ነው።»

«አዎ አባባ።»

ወደ ልጄ አዩ። «እኔ ስምንት ወልጃለሁ። አንዱንም አዝዬ አላውቅም። ይከብዳሉ?»

«ሲተኙ ይከብዳሉ።»

«ይሆናል» አሉ። ሲነሡ ንፍሮውን መልሱ ብላቸው፣ ለቁም ሰው የመጣ ንፍሮ ዕድሜ ይጨምራል ብለው ትተውት ሄዱ። ልጄ ሁለት ቀን በላችው። ሦስተኛውን ቀን ጨርቅ ሳጥብ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ቢያየኝ ግድ አልነበረኝም። ሞታለች ተብሎ የተለቀሰላት ሚስት ያለችው ሰው ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ልጄ በዚያው ሰሞን አፏን እየፈታች ነበር። ለእሷ የሚነገራትን ብቻ ስትሰማ ስላደገች ዓለም ሁሉ ሴት ይመስላታል። እኔን «ነይ» ትለኛለች፤ «ብዪ»፣ «ተኚ»፣ «ቁጭ በይ» ትለኛለች። የቋንቋ መምህር ነኝና ላርማት ተቀመጥኩ።

«“አባ ና” በይ።»

«አባ ና በይ» አለችኝ፣ ሙሉውን።

«“በይ”ን ተይው።»

«በይ ተይው።»

ተውኩት። አንድ ቀን ድስት ሳወርድ ጣቴን አቃጥሎኝ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ እጄን ሳራግብ ቀስ ብላ መጣች። ከእማማ እንደሰማችው ጉልበቴን መታ መታ አደረገችና «አብሽሪ አባ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሰዋስው ማረም አላስፈለገኝም።

ያስፈራኝ የአንዲት ቃል ነገር ብቻ ነው።

የቀበሌ ስብሰባ እሑድ እሑድ ነበር፤ መቅረት አይቻልም። እማማም ስለሚሰበሰቡ ልጅ የሚይዝ ስለማይገኝ አዝያት እገባለሁ። አዳራሹ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። መጀመሪያ መፈክር ይባላል፤ ሊቀመንበሩ ይጮኻሉ፣ እኛም ግራ እጃችንን አንሥተን «ይውደም» እንላለን። ልጄ ይህን ከማንኛውም ጨዋታ በላይ ወደደችው። ያ ሁሉ ትልቅ ሰው በአንድ ላይ እጁን ሲያነሣ ከጀርባዬ በደስታ ትዘል ነበር። በሁለተኛው እሑድ ቃሉን ያዘችው። አፏ ስላልታዘዘላት «ይዴም» ነው የምትለው፤ እጇ ግን ግራው ነው፣ ጭብጧም ልክ ነው። ፍቺውንም በራሷ መንገድ ተረዳችው፤ የማይፈለግ ነገር ሲመጣ የሚባል ቃል ነው። ስለዚህ ገንፎ ሲቀርብላት ይዴም። ፊቷ ሲታጠብ ይዴም። የእማማ ዶሮ ስትጠጋት ይዴም።

በሦስተኛው እሑድ ሊቀመንበሩ ስለ መንገድ ጥገና የሚናገሩት ረዘመ። ልጄ ቁርሷን ገንፎ አልበላም ብላ በባዶ ሆዷ ነበር የመጣችው። ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይወጣል» አሉና ንግግሩ እንዲገባን ጥቂት ዝም አሉ።

በዚያ ዝምታ መሐል ከጀርባዬ «ይዴም» የሚል ድምፅ ወጣ።

አዳራሹ ደረቀ። ያን ጊዜ ቃል ሰው የሚያስበላ ነገር ነበር። ከጎኔ የነበረው ሰው መቀመጫውን ሸርተት አድርጎ ራቀኝ።

«ምን አለች?» አሉ ሊቀመንበሩ።

አጠገባቸው የተቀመጠ አንድ ኮሚቴ መለሰ። «ይውደም ነው ያለችው። ልጅ ደግሞ ቤት ውስጥ የሰማችውን ነው የምትናገር።»

«ጓድ መምህር፣ ተነሥ።»

ተነሣሁ። ፈርቻለሁ፤ የቆምኩት ግን ቀጥ ብዬ ነው። ልጅ ያዘለ ሰው ሲፈራም አይጎብጥም፤ ከጎበጠ ልጁ በራሱ ላይ ይመጣበታል።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፣ «ልጄ ቃሉን የተማረችው ከዚሁ አዳራሽ ነው። ፍቺውን ገና አታውቀውም። ያልወደደችውን ሁሉ እንዲህ ትላለች። አሁን የራባት ይመስለኛል።»

«ይህን የሚመሰክርልህ አለ?» አለ ኮሚቴው።

ከሴቶቹ በኩል እማማ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው አዳራሹን እንደ ቤታቸው ተመለከቱት።

«እኔ አለሁ። ወላሂ፣ ትናንት ገንፎዬን ይውደም ብላዋለች። ፊቷን ሳጥባት እኔኑ ብላኛለች። ዶሮዬንም ብላታለች። ዶሮዋ ምን አጠፋች? ገንፎ አብዮቱን ከነካ ያገነፋሁት እኔ ነኝና እኔን ጠይቁኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በጋቢው ሊያፍነው ሞከረ፤ አልቻለም። ሊቀመንበሩ ከመድረኩ ወርደው ወደኛ መጡ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። እጃቸውን ወደ ልጄ ዘረጉና «ነይ እስቲ» አሏት።

ልጄ አየቻቸው። «ነይ» አለቻቸው መልሳ። ቀጠለችና ወንበሬን በጣቷ እያሳየች፣ «ቁጭ በይ» ብላ አዘዘቻቸው።

አዳራሹ ከዚያ በኋላ የሚያዝ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ከንፈራቸውን ነክሰው ትንሽ ታገሡ፤ በመጨረሻ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «የኔዋም እንዲሁ ነው የምታዘኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ እኔ ብቻ እንድሰማ።

ኮሚቴው ግን ነገሩ በሳቅ እንዲያልፍ አልፈለገም፤ በሚቀጥለው እሑድ ግለ ሂስ እንዳደርግ ተወሰነ። አደረግሁ። በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ፣ «ልጄን ሳላበላ ወደ ስብሰባ ማምጣቴ የእኔ ጉድለት ነው፤ ለወደፊቱ አርማለሁ» አልኩ። በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ከመክፈታቸው በፊት ወደኔ ዞር ይሉና «መምህር፣ ልጅቷ በልታለች?» ብለው ይጠይቁ ነበር። በልታለች ካልኩ ይጀመራል።

በጥር ላይ ባለቤቴ የልጃችንን እግር ልክ ላክልኝ ብላ ጻፈች። ልጄን ወረቀት ላይ አቁሜ በእርሳስ ስዞርባት ኮርኩሯት እየሳቀች እግሯን ስለምታነሣ ሦስት ወረቀት ተበላሸ። አራተኛውን ላክሁት። በሁለት ሳምንቱ አንድ ሾፌር ቀይ የላስቲክ ጫማ አመጣልን።

«እማ ናት የላከችልሽ» አልኳት ሳጠልቅላት። «እማ ናት።»

ጫማዋን አየች። «እማ» አለች፤ ጎንበስ ብላም ሳመችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጫማው ስም እማ ሆነ። ጠዋት ስትነሣ «እማ የታለች?» ብላ አልጋ ሥር ትገባለች። ስትተኛ እማን ታቅፋለች። አንዱ ሲጠፋ «እማ ሄደች» ብላ ታለቅሳለች፤ ሲገኝ «እማ መጣች» ትላለች። መጀመሪያ ስቄ ነበር። በኋላ ግን ለባለቤቴ የምጽፈው ደብዳቤ ላይ ይህን ማስገባት አቃተኝ። ፎቶዋን አውጥቼ «እማ ማለት ይቺ ናት» አልኳት። ፎቶውን አየች፣ ጫማዋን አየች፣ ጫማዋን መረጠች።

ባለቤቴ በየካቲት መጨረሻ መጣች። መኪናው መንገድ ላይ አቀስታ ከተማ አድሮ ስለነበር ረፋድ ላይ ደረሰ። ፊቷ በአቧራ ነጥቶ ከጋቢናው ስትወርድ ልጅቷን ይዤ ቆሜ ነበር። ባለቤቴ እጇን ዘርግታ እየሮጠች መጣች።

«እማ መጣች» አልኳት ልጄን።

ልጄ ወደ እግሯ አየች። አንዱን ጫማ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፤ እዚሁ ነች ለማለት። ከዚያ ከእግሬ ኋላ ተሸሸገች።

ነገሩን እዚያው ቆሜ ለባለቤቴ ነገርኳት። ዕቃ የረሳች መስላ ፊቷን ወደ መኪናው አዞረችና ጥቂት ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ልጄ ፊት ቁጢጥ አለች እንጂ አልነካቻትም።

«ጫማሽ ያምራል» አለቻት።

ልጄ ከእግሬ ኋላ ብቅ አለች። «እማ ናት» አለቻት፣ እንደምታስተዋውቅ።

«አዎ» አለች ባለቤቴ። «ታምራለች።»

እቤት ስንደርስ እኔ ልጅቷን ወደ እሷ ልገፋ ስል ከለከለችኝ። «ተዋት። የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ልጠብቃት።» ሁለት ቀን ጠበቀች። በዚህ መሐል የእናቷን እግር ነገር ከእማማ ሰማች፤ ስላልጻፍኩላት ተቆጣችኝ። ልክ ነበረች። ደግሞ ብደርስበት አሁንም አልጽፍላትም ነበር፤ ይህንንም ነገርኳት፤ ሌላ አንድ ቀን አኮረፈችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ገንፎ ትበላለች። ማንንም አልጋበዘችም። ልጄ ከበሩ ሥር ታያታለች። ባለቤቴ ጎረሰች፤ ልጄ አንድ እርምጃ ቀረበች። ባለቤቴ ሌላ ጎረሰች፤ ልጄ ጉልበቷ አጠገብ ደርሳ አፏን ከፈተች። ባለቤቴ ቀና ሳትል አንድ ማንኪያ አጎረሰቻትና የራሷን መብላት ቀጠለች። በአራተኛው ማንኪያ ልጄ ጭኗ ላይ ነበረች። እኔ እንጨት ልፈልጥ ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ የሚፈለጥ እንጨት ግን አልነበረም። ተመልሼ ስመጣ ልጄ የእናቷን ጉንጭ ይዛ ፊቷን ወደ ራሷ እያዞረች «አንቺ» ትላታለች። በማግስቱ «እማ» አለቻት። ጫማውም ጫማ ሆነ።

ያን ቀን ባለቤቴ ልጅቷን እንደታቀፈች ራሷን መዳበስ ጀመረችና ድንገት እጇ ቆመ።

«ይሄን ሹሩባ ማን ነው የሠራት?»

«እኔ ነኝ።»

አምስት ጉንጉን ነበር። ሦስቱ ወደ ግራ ሄደዋል፣ አንዱ ወደ ግንባሯ ተመልሷል፣ አምስተኛው የት እንደሚሄድ እኔም አላውቅም። ባለቤቴ ከመጣች ጀምሮ እንዲያ ስቃ አታውቅም፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ልጄም የሚያስቀውን ሳታውቅ አብራ ሳቀች። ቅዳሜ የራሷን ፀጉር ፈትታ ታጠበች፤ የልጅቷን ግን አልፈታችውም።

እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ቅጥሩ ሥር ቆመን ሳለ የአንድ መሪጌታ ሚስት ልጅቷን ልትስም ጎንበስ አለችና ደነገጠች። «ምነው፣ ይቺን ልጅ ማን ነው እንዲህ የሠራት?»

«አባቷ ናቸው የሠሯት» አለች ባለቤቴ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ።

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፣ መልሳ የልጄን ራስ አየች። «የመጀመሪያዎ ይሆናላ» አለችኝ በደግነት።

«አይ» አልኳት። «ሃያኛዬ ነው።»